የቅቤው ሽታ፣ የአንጀታችን ስንቅ

የቅቤ መደዳ ከዓይን በፊት በአፍንጫ ይገኛል። የበርበሬውን ተራ ጨርሰው ወደ ቅመማ ቅመሙ ሲታጠፉ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው፣ በባልዲ የታጨቀው፣ በሳፋ ላይ የተደለደለው ቅቤ ሽታውን አስቀድሞ ይልካል። ገዢዋ ቶሎ ዋጋ አትጠይቅም። መጀመሪያ በጥፍሯ ከጠርዙ ትቆነጥራለች፤ ታሸተዋለች፤ በእጇ ጀርባ ላይ ቀብታ እስኪቀልጥ ትጠብቅና ደግማ ታሸተዋለች። ነጋዴው አያቋርጣትም። በዚህ ገበያ ፍርድ የሚሰጠው አፍንጫ መሆኑን ያውቃል።

ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል። እነዚህን ደረጃዎች ለመለየት የወረቀት መስፈርት የሚፈልግ የለም። ለጋው ገና የወተት ጠረን አለው። መካከለኛው ጠረኑ ጠንከር ይላል። በሳሉ ጉሮሮ ይይዛል። ወጥ የሚያውቁ ብዙ እናቶች ትንሽ በሳል ቅቤ ብዙ ወጥ ታጣፍጣለች ይላሉ፤ ለራስ የሚቀቡት ለጋውን ይመርጣሉ፤ ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ለበዓል መጥተው እቃ ቤቱ ሲከፈት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ሁሉም የሚናገሩት ስለ አንድ ሽታ ነው። ቅቤን ከለጋ ወደ በሳል ከሚያሻግሩት ነገሮች ዋነኛው ቡቲሪክ አሲድ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው።

ስለ ቅቤ መበላሸት የሚናገሩ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቀሪው ግማሽ ግን ከገበያው ይርቃል። ይኸው አፍንጫ የሚያስይዝ አሲድ በየቀኑ በራሳችን ትልቅ አንጀት ውስጥ ይሠራል፤ የአንጀታችን ሽፋንም ከሁሉ አስበልጦ የሚመገበው እሱን ነው።

## አጭር በመሆኑ የሚሸት

ቡቲሪክ አሲድ አራት የካርቦን፣ ስምንት የሃይድሮጂንና ሁለት የኦክስጅን አቶሞች አሉት። ንጹሑ ቀለም የሌለው፣ ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው። በ164 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ የሚረጋው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስሙ ከቅባት አሲዶች ተርታ ቢሆንም ከውሃ ጋር በማንኛውም መጠን ይደባለቃል።

ይህ ጠባይ የመጣው ከአጭርነቱ ነው። በቅቤም በሞራም ውስጥ በብዛት የሚገኙት የቅባት አሲዶች 16 ወይም 18 ካርቦን የተቀጣጠለባቸው ረጃጅሞች ናቸው። ውሃን ይሸሻሉ፤ በቤት ሙቀት ስለማይተኑም አፍንጫ አያውቃቸውም። አጫጭሮቹ ግን ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ሁለት ካርቦን ያለው አሴቲክ አሲድ በኮምጣጤ የምናውቀው ነው፤ ባለ ሦስቱ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ይባላል፤ ባለ አራቱ የእኛው ቡቲሪክ ነው። ይተናሉ፣ ይሸታሉ፣ በውሃ ይሟሟሉ፤ ሰውነትም ቶሎ ይወስዳቸዋል።

መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኡጄን ሼቭሮል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1786 እስከ 1889 የኖረው ይህ ሰው ስብና ሳሙና ምን እንደሆኑ ለማወቅ ዓመታት ደክሟል። ስብ አንድ ወጥ ነገር ሳይሆን ከግሊሰሪንና ከቅባት አሲዶች የተገነባ መሆኑን አሳየ፤ ከቅቤ ያወጣውን ይህንን የሚሸት አሲድም የቅባት አሲዶቹን በዘረዘረበት በ1823ቱ መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። በ1861 ደግሞ ሉዊ ፓስተር ቡቲሪክ አሲድ የሚሠሩ ጥቃቅን ሕዋሳትን ሲመረምር ያልጠበቀውን አገኘ፤ አየር ሲያገኙ ይዳከማሉ፣ አየር ሲያጡ ይበረታሉ። ያለ ኦክስጅን ሕይወት ሊኖር እንደሚችል ዓለም ያወቀው በዚህ አሲድ በኩል ነው። ይህንን ግኝት ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ አንጀት ስንወርድ ያስፈልገናል።

ሽታው ከቅቤ ሌላም ቦታ አለ። በትውከት ውስጥ አለ፤ ጣሊያኖች በሚኮሩበት የፓርሜዛን አይብም ውስጥ አለ። የውሻ አፍንጫ ከሰው በብዙ እጥፍ በሳሳ መጠን ይለየዋል። ከእንስሳት ቆዳ በትንሹ ስለሚወጣ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪው የሥነ ሕይወት ሊቅ ያኮብ ፎን ኡክስኩል በ1934 በጻፈው ታዋቂ ሥራው መዥገር ሣር ላይ ተንጠልጥላ የምትጠብቀው ይህንን ጠረን እንደሆነ ገልጿል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ቡቲሪክ አሲድ ከአልኮል ጋር ሲጣመር ሽታው ፍጹም ይለወጣል። ከኤታኖል ጋር ተጣምሮ የሚወጣው ውሁድ አናናስ አናናስ ይሸታል፤ በብርቱካን ጭማቂ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል፤ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ለማጣፈጥም ያገለግላል። ቅቤ ሲሸት ፊቱን የሚያዞር ልጅ ከረሜላውን ሲመጥ ከዚያው ቤተሰብ ጋር ነው።

> ሽታው የቅቤው ብልሽት ብቻ አይደለም፤ ከስቡ የተፈታ አንድ አሲድ ነው።

## ቅቤው እንዴት ይበስላል?

የገጠሯ እናት ቅሉን በወይራ አጥና፣ የተጠራቀመውን እርጎ ጨምራ ስትንጥ ቡቲሪክ አሲድ በቅቤው ውስጥ አለ። ግን ታስሯል። የስብ ሞለኪውል ሦስት ጥርስ እንዳለው መንሽ ነው። እጀታው ግሊሰሪን፣ ጥርሶቹ የቅባት አሲዶች ናቸው። በቅቤ ውስጥ ከሦስት መንሾች በአንዱ ገደማ፣ ዳር ላይ ያለው ጥርስ ይህ አጭሩ ቡቲሪክ አሲድ ነው። እዚያ እንደተሰካ እስካለ አይተንም፣ አይሸትም። ለጋ ቅቤ ለጋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሚነቅለው ሊፔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሊፔዝ በወተቱ ውስጥ በተፈጥሮ አለ፤ በእርጎውና በቅቤው የሚራቡ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎችም ያመነጩታል። ሥራውን ለመሥራት ውሃ ይፈልጋል፤ በቅቤ ውስጥ ደግሞ አሬራው ተጨምቆ ከወጣ በኋላም ቢሆን ውሃ አይጠፋም። በፋብሪካ የሚወጣ ቅቤ እንኳ ከመቶ 16 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ በእጅ ተንጦ በደንብ ያልታጠበውማ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ዳር ላይ ያለው አጭሩ ጥርስ ለሊፔዝ የተመቸ በመሆኑ ቀድሞ ከሚነቀሉት አንዱ እሱ ነው። ነፃ ከወጣ በኋላ የሚያግደው የለም፤ ይተናል።

ሙቀት ይህንን ሁሉ ያፋጥነዋል። ደገኛዋ ቅቤዋን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋ የምታቆየው ይህን ከልምድ ስለምታውቅ ነው። ከሸኖ የወጣ ለጋ ቅቤ በሞቃት ቀን በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ ትንሽ በስሎ ይደርሳል የሚሉት ነጋዴዎች ያልተማሩትን ኬሚስትሪ በትክክል እየተናገሩ ነው። የወይራው ጭስም ቅሉን ከማሽተት ያለፈ ጥቅም አለው። በጭሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ውሁዶች የባክቴሪያዎችን እድገት ይገታሉ።

## ማንጠር ምን ይሠራል?

ንጥር ቅቤ የዚህ ሁሉ መልስ ነው፤ በእኔ እምነት ከአገራችን የወጥ ቤት ጥበብ መካከል ተገቢውን ክብር ያላገኘ ነው። ድስቱ በለሰለሰ እሳት ላይ ሲጣድ ቅቤው ይቀልጣል፤ ቀጥሎ መንጫጫት ይጀምራል። የሚንጫጫው ውሃው ነው። ድምፁ ሲቀንስ ውሃው እየወጣ ነው፤ አረፋው ተገፎ፣ አተላው ከታች ዘቅጦ፣ ከላይ ወርቅ የመሰለው ስብ ሲቀር ሊፔዙ በሙቀት ሞቷል፣ የሚሠራበትም ውሃ የለም። በፊት ነፃ ከወጣው ቡቲሪክ አሲድም የተወሰነው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። በሳል ቅቤ ሲነጠር ቤቱን የሚሞላው ሽታ እሱ ነው።

ስብን የሚያበላሽ ሁለተኛ መንገድ ግን አለ፤ እሱም አየር ነው። ኦክስጅን ረጃጅሞቹን አሲዶች እየሰበረ ሌላ ዓይነት፣ የቆየ ዘይት የሚመስል ሽታ ያመጣል። ይህን ማንጠር ብቻውን አያቆመውም። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ አብሹና እርዱ ከጣዕም ሌላ የሚሰጡት ኦክስጅንን የሚከላከሉ የተፈጥሮ ውሁዶችን ነው። የምግብ ሳይንስ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሁለቱን የብልሽት መንገዶች ሲያስተምሩ ከንጥር ቅቤ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም። ንጥሩን በደረቅ ማንኪያ መጨለፍ፣ ከብርሃን አርቆ ማስቀመጥ፣ ክዳኑን መግጠም የሚሉት የእናቶች ትእዛዛት ሁሉ በኬሚስትሪ ሲመረመሩ ትክክል ናቸው።

## የላሟ ማኅተም

የአትክልት ዘይት ቡቲሪክ አሲድ የለውም። የኑግ፣ የሱፍ፣ የፓልም ቢሆን አንዱም የለውም። በወተታቸው ስብ ውስጥ በብዛት የሚያስገቡት እንደ ላም፣ በግና ፍየል ያሉ አመንዣጊዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ሣር በሆዳቸው ውስጥ በባክቴሪያዎች ሲብላላ አጫጭር አሲዶች በገፍ ይሠራሉ። ላም ከምታገኘው ኃይል አብዛኛውን የምታገኘው ከእነዚህ አሲዶች ነው። ጡቷ ደግሞ ከእነሱ ተነሥቶ የወተቱን ስብ ሲሠራ ቡቲሪክ አሲዱን ይሰካበታል።

ስለዚህ ይህ አሲድ እውነተኛ ቅቤን ከተቀላቀለው ለመለየት ይረዳል። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ ኬሚስቶች ቅቤው በማርጋሪን መቀላቀሉን የሚያጣሩት ስቡን ፈትተው፣ የሚተኑትን አሲዶች በእንፋሎት አውጥተው፣ መጠናቸውን በመለካት ነበር። የሚተነው አሲድ ካነሰ ሌላ ስብ ገብቶበታል ማለት ነው። በከተሞቻችን ገበያ ቅቤ ከፓልም ዘይትና ከሌላ ባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅሎ መሸጡ ያልተቋረጠ ሮሮ ነው። በዚህ ላይ አፍንጫ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ሽታው እጅግ በጥቂቱ ስለሚታወቅ፣ ጥቂት በሳል ቅቤ ብዙ የፓልም ስብን ቅቤ ቅቤ ሊያሸተው ይችላል። ላቦራቶሪው ያስፈልጋል፤ ዘዴውም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየና የረቀቀ መሣሪያ የማይጠይቅ ነው።

## ሻሹ ላይ የቀረው

ራሳቸውን ቅቤ የሚቀቡ ሴቶች የሚያውቁት ችግር አለ። የራስ ቆዳ ሙቀት፣ ላቡና በላዩ ያሉት ባክቴሪያዎች ተባብረው ለጋውን ቅቤ በአጭር ጊዜ ያበስሉታል፤ ሻሹና የትራሱ ልብስ ሽታውን ይዞ ይቀራል። እዚህ ላይ የአሲዱ ሌላ ጠባይ ይጠቅመናል። ቡቲሪክ አሲድ አልካሊ ሲያገኝ ቡቲሬት ወደሚባል ጨው ይለወጣል፤ ጨው ደግሞ ስለማይተን አይሸትም። ሻሹን የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፎ በሳሙና ማጠብ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ መጨመር ግን የተሳሳተ እርምጃ ነው። አሲድ ጨውን ወደ ቡቲሪክ አሲድ ስለሚመልሰው ሽታው ይነሣል።

## ትልቁ አንጀት ምን ይበላል?

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ እንምጣ። የበላነው ምግብ አብዛኛው በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል። የማይፈጨው አለ፤ የጤፉ ገለፈት፣ የምስሩ ልጣጭ፣ የባቄላው ስታርች ከፊሉ፣ የጎመኑ አገዳ። አሰር የምንለው ይህ ነው። ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ኦክስጅን ከሞላ ጎደል የሌለበት ዓለም ያገኘዋል። ፓስተር ያያቸው ዓይነት፣ አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች በዚያ በብዛት ይኖራሉ። አሰሩን ያብላሉታል፤ ከሥራቸውም አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ አሲድ ይወጣል። ላሟ በሆዷ የምትሠራውን እኛም በአነስተኛ መጠን በታችኛው አንጀታችን እንሠራለን።

የአንጀቱ ውስጥ አሲድነት ደካማ ስለሆነ አብዛኛው ቡቲሪክ አሲድ በቡቲሬት መልክ ነው የሚገኘው። ሮዲገር የተባለው ተመራማሪ በ1980 እና በ1982 ያሳተማቸው ሥራዎች የሚያስገርም ነገር አሳዩ። አብዛኛው የሰውነታችን ክፍል በደም በሚመጣለት ስኳርና ስብ ሲኖር፣ የትልቁ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ግን ከኃይላቸው 70 ከመቶ ያህሉን የሚያገኙት ባክቴሪያዎቹ ከሚሠሩት ቡቲሬት ነው። ሕዋሳቱ ቡቲሬትን ሲያቃጥሉ ኦክስጅን ይፈጃሉ፤ በዚህም አንጀቱ ውስጥ አየር እንዳይበዛ ይረዳሉ፤ አየር የማይወዱት ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎችም ይመቻቸዋል። እነሱ አንጀቱን ይመግቡታል፣ እሱም ቤታቸውን ይጠብቅላቸዋል።

ቡቲሬት ከምግብነት ያለፈም ሥራ አለው። ሕዋስ የትኛውን የዘር መልእክት እንዲያነብ በሚወስኑ ኢንዛይሞች ላይ ጫና ያደርጋል፤ በላቦራቶሪ የካንሰር ሕዋሳትን እድገት ሲገታ ታይቷል፤ እብጠትንና ቁጣን የሚያረግቡ የመከላከያ ሕዋሳትን ያግዛል። የላቦራቶሪው ውጤት ሁሉ በሰው ላይ ይደገማል ማለት ግን አይደለም። የአንጀት ቁስለት ባለባቸው ሕሙማን ላይ ቡቲሬትን በቀጥታ በመስጠት የተሞከሩ ሕክምናዎች ውጤታቸው የተቀላቀለ ነው።

> ባክቴሪያዎቹ አንጀቱን ይመግቡታል፤ አንጀቱም ቤታቸውን ይጠብቅላቸዋል።

የአፍሪካ ገበታ በዚህ ምርምር ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በኡጋንዳ ለረጅም ዓመታት ያገለገለው አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በገጠር አፍሪካ የትልቁ አንጀት ሕመሞች ጥቂት መሆናቸውን አስተውሎ፣ ምክንያቱ አሰር የበዛበት ምግባቸው ሳይሆን አይቀርም ብሎ በ1970ዎቹ ሳይታክት ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ነገሩን በተግባር ፈተሸው። በስቲቨን ኦኪፍ የሚመራው ቡድን 20 አፍሪካ አሜሪካውያንንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችን ለሁለት ሳምንት ገበታ አለዋወጣቸው። አሜሪካኖቹ ባቄላና በቆሎ የመሰለ አሰራም ምግብ በሉ፤ ደቡብ አፍሪካውያኑ ሥጋና ስብ የበዛበትን። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሰራሙን በበሉት አንጀት ቡቲሬት ጨመረ፣ የሽፋኑ ቁጣ ቀነሰ፤ በሌሎቹ ተቃራኒው ሆነ። የካንሰር ሥጋት ምልክቶች ተለኩ እንጂ ካንሰሩ ራሱ አልተለካም፤ ቢሆንም ገበታ በሁለት ሳምንት ይህንን ያህል መለወጡ ሊያሳስበን ይገባል።

እኛንም ይመለከተናል። ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚለውጠው ገበታውን ነው። የጤፉ እንጀራ በነጭ ዳቦ፣ ንፍሮው በታሸገ ብስኩት፣ ሽሮው በተጠበሰ ዶሮ ይተካል። ሐኪሞች ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት ሲያስጠነቅቁ እንሰማለን፤ ትልቁ አንጀት ስንቁን ማጣቱን ግን የሚነግረን ጥቂት ነው።

## «ቅቤ አንጀት ያርሳል»

ታዲያ ቅቤ ብንበላስ? ቅቤ አንጀት ያርሳል የሚለው እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ በቅርቡ ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ንጥር ቅቤን የአንጀት መድኃኒት አድርገው የሚያቀርቡ በዝተዋል። ከቅቤ ስብ 3 ወይም 4 ከመቶ ያህሉ ቡቲሪክ አሲድ መሆኑ እውነት ነው። ችግሩ አጭርነቱ ነው። ከስቡ ተፈትቶ በጨጓራና በትንሹ አንጀት ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ ትልቁ አንጀት ዘንድ አይደርስም። ከእሱ ጋር የምንበላው ስብ ደግሞ ከግማሽ በላይ የልብ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ዓይነት ነው። ቅቤን ለጣዕሙ እንውደደው፤ ለትልቁ አንጀት መድኃኒትነቱ ግን መሠረት የለውም። አራስ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥማ ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ከእናቱ ጡት ሌላ አያስፈልገውም።

ቡቲሬት የበለጠ የሚሠራው ቅቤ ከገበታ በሚነሣበት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። በዐቢይ ጾም ቅቤው ታሽጎ ይቀመጥና ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ስልጆው፣ ጎመኑና ንፍሮው ተራ በተራ ይቀርባሉ። በገበታው ላይ የቅቤው አሲድ የለም፤ አሰሩ ግን ሞልቷል፤ ባክቴሪያዎቹም ከእሱ አሲዱን ይሠራሉ። ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንችም ከፊል ስታርቹ ለመፈጨት ስለሚያስቸግር ለእነሱ ይተርፋል። የጾም ምግብ በነጭ ፓስታና በተጠበሰ ድንች ብቻ ካለቀ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከተፈጥሮ ምግብ እንዲያገኝ ይመክራል። በውድ ዋጋ የሚሸጠው የቡቲሬት እንክብል ሳያስፈልግ፣ ሙሉ ጤፍና ጥራጥሬ ያለበት ገበታ ወደዚህ ያደርሳል። ሳይለምዱት የቆዩ ሰዎች ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ በአንድ ጊዜ ከበዛ ሆድ ይነፋል፤ ውሃም አብዝተው ይጠጡ። ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ የሆድዎ ጠባይ ሳምንታት የዘለቀ ለውጥ ካሳየ ወይም ሳያስቡት ክብደትዎ ከቀነሰ ግን ምስርም ሽሮም አይጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ሄደው ይመርመሩ።